መርዶ ይዤ በሚኒባስ

የባሕር ዳር አየር ማረፊያ በር ላይ ቆሜ አውሮፕላኑ እንዲዘገይ እለምን ነበር። ሰው ሁሉ ዘመዱ ቶሎ እንዲደርስለት አንገቱን ያሰግጋል፤ እኔ ግን ምነው ደመናው ወፍሮ ወደ አዲስ አበባ በመለሰው እላለሁ። አውሮፕላኑ እንኳን ሊዘገይ ከተባለው ሰዓት አሥር ደቂቃ ቀድሞ አረፈ። የኔ ዕድል ምንጊዜም እንዲህ ነው።

የምጠብቃት እንቁን ነበር፤ የአጎቴን የአዝመራውን ልጅ። ታናሽ ወንድሟ ምስጋናው ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ እሷ አልሰማችም። ለሰሊጥ አጨዳ ጃዊ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ፤ ቤቱ በገባ በሁለተኛው ቀን አረፈ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ለእንቁ የተነገራት «አባትሽን ትንሽ አሟቸዋልና ነይ» የሚል ብቻ ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ባለ መርዶው ቤት ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ አንድ ሌሊት በሰላም ተኝቶ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቱ በር አንኳኩተው ይነግሩታል። ያን ጊዜ ቢወድቅ የሚይዘው አለ፣ ቢጮህ አብሮት የሚጮህ አለ።

ትልቁ አጎቴ ይኸነው ትናንት ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ጠርተው ነገሩን ሁሉ እንደ ወታደር ትእዛዝ ነገሩኝ። ከአየር ማረፊያ በሚኒባስ ወደ ከተማ፣ ከከተማው መናኸሪያ በሌላ ሚኒባስ ወደ ዳንግላ። ዳንግላ ላይ እናቴ ሸጋ ከለቅሶው ቤት ተመልሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትጠብቀናለች። እንቁ እዚያ ታድራለች። ነገ በማለዳ ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባቷ አባ ኪዳኑ ለቅሶው ካለበት ከአዲስ ቅዳም መጥተው ያረዷታል።

«የአንተ ሥራ አንድ ነው» አሉኝ። «አፍህን መዝጋት።»

«አፌንስ እዘጋዋለሁ። ፊቴን ምን ላድርገው?»

«እሱንም ዝጋው» አሉኝና ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ለምን እኔ እንደተመረጥኩ አይገባኝም። የከሰል ነጋዴ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሹፌርና ከጫኝ ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። ስናደድ ያስታውቅብኛል፣ ስዋሽ ደግሞ ጆሮዬ ይቀላል፤ ሚስቴ ምስክር ናት። ምናልባት ከዘመዱ ሁሉ አየር ማረፊያውን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይሆናል። እሱንም ቢሆን የማውቀው በበሩ ፊት አልፌ ነው።

እንቁ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቷ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ የዚያን ቀን ግን እናቴን መሰለችኝ። ጉንጯን ልስም ስጠጋ በእጇ ደረቴን ገፋ አድርጋ ያዘችኝ።

«አባዬን ቀበራችሁት?»

«ኧረ አልሞቱም!»

«ማል።»

«ሚካኤልን! በዛሬው ቀን ሚካኤልን፣ አባትሽ በሕይወት አሉ!»

ኅዳር ሚካኤል ነበር። እውነት ምዬ እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ጆሮዬም እንደ ልማዱ ቀላ።

«ያን ጊዜም ምለህልኝ ነበር» አለች።

እውነቷን ነው። እናቷ የሞቱ ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ዳንግላ እኛ ቤት ተቀምጣ ትማር ነበር። ያን ጊዜም ወደ አዲስ ቅዳም የወሰድኳት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ «እናትሽ ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ነው» እያልኩ በጊዮርጊስ ስምል ሄድኩ። ደርሳ ድንኳኑን ስታይ እጄን ነከሰችኝ። ከዚያ በኋላ ትምህርቷን ትታ የአራት ዓመቱን ምስጋናውን አዝላ አሳደገችው። ለእሱ እህቱም እናቱም እሷ ናት። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ ሻንጣዋን ተቀብያት ወደ ሚኒባሱ የሄድኩት።

ከአየር ማረፊያው በር ወደ ከተማ የሚገባው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር። ረዳቱ ሻንጣዋን ጣራ ላይ ወረወረው፣ እኛ ከኋላ ተቀመጥን። መኪናው ሲነሳ ትንሽ መተንፈስ ጀመርኩ። ከተማዋ ቅርብ ናት፣ ከተሳፋሪው የሚያውቀን የለም ብዬ ነው። ይህን ባሰብኩ ልክ ከፊት ወንበር አንድ ሰው ዞረ። ወገኔ የሚባለው! የአዲስ ቅዳም ልጅ፣ ባሕር ዳር የሚሠራ ግንበኛ፣ አፉ እንደ ባጃጅ ጥሩምባ የማያርፍ ሰው።

«ቢሻው! አንተ ነህ እንዴ! ሰማሁ እኮ ወንድሜ፣ እግዜር ያጥ—»

«ረዳት!» ብዬ ጮኽኩ። «ያ ሻንጣ አልታሰረም!»

«ታስሯል ጋሼ።»

«አልታሰረም አልኩህ! ዓይኔ አይቷል!»

«እኔም ልመጣ ነበር» አለ ወገኔ፣ እንደ ገና ዞሮ። «ሥራ ይዞኝ ነው እንጂ የምስጋ—»

ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጣራው ጋር ተላተመ። «አቁም! ንብረታችን ሊወድቅ ነው! እናንተ የሰው ዕቃ እንደ ገለባ ነው የምትወረውሩት!» እያልኩ የመኪናውን ጎን እደበድባለሁ። ሹፌሩ ተሳድቦ አቆመ። ሰዉ ሁሉ እብድ ነው ብሎ ያየኛል። እኔ ወርጄ «ና እስቲ ወገኔ፣ አንተ ታውቅበታለህ፣ አግዘኝ» ብዬ እጁን ይዤ ጎተትኩት። ከመኪናው ኋላ አድርጌ «አልሰማችም!» አልኩት ጥርሴን ነክሼ። «አንዲት ቃል ትንፍሽ ብትል በዚህ ገመድ ነው የማስርህ።»

ወገኔ ደነገጠ። ተመልሶ ተቀመጠና ጸጥ አለ። ግን እሱ ዝም ሲል ከንግግሩ ባሰ። በየደቂቃው ዞሮ እንቁን ያያታል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ በዓይኔ ብገለምጠው አይገባውም። መናኸሪያው ጋ ስንወርድ መጥቶ ሁለት እጇን ያዘና «አይዞሽ እህቴ» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ለምንድን ነው አይዞሽ ያለኝ?» አለችኝ ሲሄድ።

«እሱ እንዲያ ነው። ለሁሉም ሰው አይዞህ ይላል።»

«ጆሮህ ቀልቷል፣ ቢሻው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አገር ያወቀውን፣ ግንበኛው ወገኔ ያወቀውን፣ እሷ ብቻ አታውቅም። አብራኝ ቆማ ደረቅ ዓይኗን ስታንከራትት ሳይ ከአንጀቴ አዘንኩላት፤ በራሴም ተናደድኩ።

በዳንግላና በአዲስ ቅዳም አልፎ እንጅባራ የሚሄደው ሚኒባስ ሹፌር ደርበው የሚባል ነው፤ ከሰል ሲጭን ብዙ ጊዜ ተጣልተናል። ሐዘናችንን እንዳልሰማ ከሰላምታው ገባኝ። እንቁን በመስኮት በኩል አስቀመጥኳት። ከፊታችን አንዲት ትልቅ እናት፣ ከኋላችን ወደ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች አሉ። ከከተማው እንደወጣን እንቁ ስልኳን አወጣች።

«የአባዬ ስልክ ዝግ ነው። ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። የምስጋናው ደግሞ ከነጭራሹ አይጠራም።»

«ጃዊ አይደል ያለው?» አልኳት። «ጃዊ ኔትወርክ የለም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለችና ስልኩን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ከእጅ ቦርሳዋ አዲስ ቆዳ ጫማ አውጥታ አሳየችኝ። «ለእሱ ነው። አርባ ሦስት ነው አይደል እግሩ? ለበዓል መምጣቱ አይቀርም። አባዬ ሞቶ ከሆነም ባዶ እግሩን ሰው ፊት እንዳይቆም ብዬ ነው።»

«አርባ ሦስት ነው» አልኳት። መስኮቱን ከፍቼ ንፋስ ተቀበልኩ።

መራዊን እንዳለፍን ክንዴን ያዘች። «ቢሻው፣ አልችልም። ልቤ ሊፈነዳ ነው። አባዬ ካለ ደውልና ድምፁን አሰማኝ። ካልሆነ አሁን እዚሁ እወርዳለሁ፣ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ኔትወርክ—»

«ሙሉ ነው፤ አይቼዋለሁ። ደውል!»

ከፊታችን ያሉት እናት ዞረው «ኧረ ደውልላት ልጄ፣ ሰው እንዲህ አይጨነቅም» አሉኝ። ተማሪዎቹም ያዩኛል። ለአጎቴ ለይኸነው ደወልኩ። ሲያነሱ «እንቁ ከኔ ጋር ናት» አልኩ ቶሎ ብዬ፣ «አባቷን ማናገር ፈልጋለች፣ አጠገቤ ናት፣ ትሰማለች።» ከስልኩ ወዲያ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ቀጥሎ የእግር ድምፅ፣ የበር ድምፅ፣ ከዚያ ጫጫታው ራቅ አለ። ሰልስት ነበር፤ ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። እንቁ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ጆሮዬን ጠጋ አደረግሁ።

«እንቁዬ» አሉ አጎቴ አዝመራው።

እሷ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ አጣበቀችው።

«እንቁዬ፣ ምነው ዝም አልሽ? ምሳ በልተሻል?»

«አባዬ! አንተ ነህ? በእውነት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን አባት አለሽ።»

«ደህና ነህ? ድምፅህ ደህና ነው!»

«ደህና ነኝ ልጄ። ግፊቴ ከፍ ብሎ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ። ናፍቀሽኝ ነው ያስጠራሁሽ።»

«የምን ሰው ነው የሚንጫጫው?»

«ማኅበር ነው» አሉ አጎቴ። «የሚካኤል ማኅበር፣ ተራው ለኔ ደርሶ ደግሼ ነው። በይ በሰላም ግቢ። ዳንግላ እደሪ፣ ሸጋ ትጠብቅሻለች።»

ስልኩ ተዘጋ። ልጃቸውን ቀብረው ሦስተኛ ቀናቸው የሆነ ሰው እንዲህ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ እኔ ራሴ ለአንዲት ደቂቃ ያህል ምስጋናው ያልሞተ መሰለኝ።

እንቁ ስልኩን ሳመችው። ከዚያ እኔን ሳመችኝ። ከዚያ ከፊት ያሉትን እናት ከኋላቸው አቅፋ ሳመቻቸው። «አባዬ ደህና ነው! ሞቷል ብዬ እኮ ነው ከትናንት ጀምሬ ሳለቅስ ያደርኩት!» ትላለች። እናትየው «እሰይ! እልል በይ፣ ሚካኤል ነው የሰጠሽ» አሉ፤ ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ደርበው በመስተዋት እያየ «እንግዲህ ማኅበሩ ላይ እኛንም ጥሩን» አለ። እንቁ ነጠላዋን አወለቀችና አገላብጣ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደ ባለ ደስታ ለበሰችው።

ከዚያ ወዲያ አፏ አልተዘጋም። እየሳቀች በኔ ላይ ቀለደች፣ ስለ ጆሮዬ ለተሳፋሪው ሁሉ ተናገረች፣ ከአዲስ አበባ ያመጣችውን ብስኩት አዞረች። እኔም ተቀብዬ በላሁ። አፈር አፈር አለኝ።

«ቢሻው፣ ዳንግላ አላድርም» አለችኝ ዱርቤቴን ስናልፍ።

«ምን ማለትሽ ነው? እናቴ እኮ ምግብ ሠርታ ነው የምትጠብቅሽ!»

«ስለት አለብኝ። አባዬን በሕይወት ካገኘሁት በሩ ላይ እልል ብዬ እገባለሁ ብዬ ለሚካኤል ተስያለሁ። ደግሞ ማኅበር አለ። ሰው ሳይበተን መድረስ አለብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው እልል የምለው!»

«ነገም ይደርሳል።»

«ነገ ማኅበር የለም!»

አጎቴ አዝመራው ሳያውቁት ምን እንዳደረጉ ያን ጊዜ ገባኝ። ለድንኳኑ ጫጫታ ስም ፈለጉለት፤ ያ ስም ደግሞ እሷን በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ይጎትታት ጀመር። በወንድሟ ሰልስት፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ነጠላዋን ለደስታ ለብሳ እልል ብላ ልትገባ ነው። ባሳደገችው ልጅ ለቅሶ ላይ እልል ያለች እየተባለች ዕድሜ ልኳን ትኖራለች። ሌላው ቢረሳላት እሷ ራሷ አትረሳውም።

ዳንግላ ስንደርስ እናቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆማለች። ፊቷን ታጥባለች፣ ቅባት ተቀብታለች፣ ዓይኗ ግን አብጧል። በመስኮቱ በኩል መጣች። ገና አፏን ሳትከፍት እንቁ ወገቧ ድረስ በመስኮቱ ወጥታ አንገቷን አቀፈቻትና «እትዬ ሸጋ! አባዬን አናገርኩት! ደህና ነው!» ብላ እልል አለች። መናኸሪያው ሁሉ ዞሮ አየን።

እናቴ በእንቁ ትከሻ ላይ ሆና አየችኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ውረጂ በይ ልጄ» አለች እናቴ። «ደክሞሻል። ትንሽ አረፍ በይ።»

«አንቺ ነይ እንጂ! ተሳፈሪና ማኅበሩ ላይ አብረን እንግባ!»

«እኔማ… ቤቱን ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት።»

«ቢሻው፣ ንገራት!» እያለች እንቁ ትስቃለች። እኔ «እንውረድ» አልኳት፣ ተቆጣሁ፣ ሻንጣውን ላወርድ ተነሳሁ። እሷ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ «አንተ ውረድ፣ እኔ አባዬ ጋ ነኝ» አለች። ደርበው ጥሩምባውን ነፋ። እናቴ በመስኮቱ እጇን አስገብታ እጄን ያዘችና ጨመቀችኝ። መኪናው ሲሄድ ብቻ ለቀቀችኝ።

ከዳንግላ አዲስ ቅዳም ሩቅ አይደለም። በከሰል ጭነት ስሄድ አንድ ሰዓት የሚመስለኝ መንገድ ያን ቀን ጅራፍ እንደቀመሰ ፈረስ ሮጠ። የአጎቴ ቤት ደግሞ ከከተማው በፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ድንኳኑ ከሩቅ ይታያል። በግራና በቀኝ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንሱ ዛፍ ያልፋል፣ ከየኮረብታው የከሰል ጭስ ይወጣል። እንቁ ከእናትየው ጋር ስለ ሚካኤል ተአምር ታወራለች።

ስልኬ ጠራ። አጎቴ ይኸነው ናቸው። ፊቴን ወደ መተላለፊያው አዞርኩ።

«ዳንግላ አልወረድንም» አልኳቸው በቀስታ።

«ምን አልክ?»

«እምቢ አለች። ማኅበሩ ላይ ልድረስ ብላ። መጣን።»

«አንተ ሰውዬ! እዚያው አቁማት! ጎማ ፈነዳ በላት፣ መንገድ ተዘጋ በላት! ብቻ እንዳትነግራት፤ እሷን የሚያረዱ አባ ኪዳኑ ናቸው፣ በወጉ፣ ጠዋት!»

«እልል ልትል ነው» አልኳቸው። «ስለት አለባት። እልል ብላ ልትገባ ነው።»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ እሳቸው ይዝጉት ኔትወርኩ ይጥፋ አላውቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን የማድርበት ጊዜ አልነበረኝም። ጎማ ፈነዳ ብል ጎማውን ታያለች። በጊዮርጊስ እንዳልምል አንድ ጊዜ በሐሰት ምዬበታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ የነከሰችኝ እጄ ሳይሆን ያየችኝ ዓይኗ ነው የሚያመኝ። ዛሬም በር ላይ ቆማ እንደዚያ ልታየኝ ነው።

«ወራጅ!» አልኩ።

ደርበው በመስተዋት አየኝ። «እዚህ ምን አለ? ገና ነው እኮ።»

«አቁም አልኩህ ደርበው። ዛሬ አትጣላኝ።»

ድምፄን ሰምቶ ይሆናል፣ ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም። እንቁ እየሳቀች «ደግሞ ምን ሆንክ? ሻንጣው አልታሰረም ልትል ነው?» አለች።

«እንቁ፣ ነጠላሽን መልሺው።»

«ምን?»

«ነጠላሽን። እንደ ቅድሙ አድርጊው።»

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። «አባዬን አሁን አናገርኩት እኮ» አለች። «አንተም ሰምተሃል።»

«አባትሽ ደህና ናቸው። እሳቸው አይደሉም።»

ከፊት ያሉት እናት ዞረው አዩኝ፣ እሷን አዩ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሱና ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዞሩት። እንቁ ይህን አየች።

«እትዬ ሸጋን አሁን አየኋት» አለች። «አያ ይኸነው?»

«ደህና ናቸው።»

«የአንተ ልጆች?»

«ደህና ናቸው።»

«ሰርክአዲስ? ጎረቤታችን ሰርክአዲስ አርግዛ ነበር እኮ። በወሊድ ነው?»

«ወልዳለች። ደህና ናት።»

«አባ ኪዳኑ? አርጅተዋል እኮ።»

«ደህና ናቸው፣ እንቁ።»

አንድ በአንድ ጠራች። የክርስትና እናቷን ጠራች። የድሮ አስተማሪዋን ጠራች። የሩቅ ዘመድ፣ ስማቸውን እኔ እንኳ የረሳኋቸውን ሰዎች ጠራች። ለእያንዳንዱ ደህና ነው፣ ደህና ናት አልኩ። በመጨረሻ «ላማችን?» አለችኝ። ላሟ ደህና ናት አልኳት። ያልተጠራ አንድ ስም ብቻ ቀረ፤ እሱን አልጠራችም። ደርበው ሞተሩን አጠፋ።

«ጃዊ ኔትወርክ የለም አልከኝ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«አልኩሽ።»

ከዚያ ጮኸች። እኔ ያዝኳት። እናትየው ያዟት፤ የማያውቋትን ልጅ ደረታቸው ላይ አስደግፈው «ልጄን፣ ልጄን» እያሉ አብረው አለቀሱ። ተማሪዎቹ ወርደው መንገድ ዳር ቆሙ፤ አንዷ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች፣ የራሷ ያለባት ትመስላለች። ደርበው ኮፍያውን አውልቆ በሩን ይዞ ቆመ። በመንገዱ የሚያልፉ ገበሬዎች ጩኸቱን ሰምተው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ እግዜር ያጥናችሁ አሉ። በወጉ አላረዳኋትም። ሽማግሌ አልነበረም፣ ቄስ አልነበረም፣ ጠዋትም አልነበረም። የሚይዛት ሰው ግን አላጣችም።

ብዙ ቆይተን ተነሳን። ደርበው ማንንም ሳያስፈቅድ ከአስፋልቱ ወጥቶ እስከ አጎቴ ደጅ ድረስ ወሰደን። እንቁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በእናትየውና በኔ ተደግፋ ወረደች።

አጎቴ ይኸነው ከድንኳኑ ወጥተው ወደኔ መጡ። ቁጣቸው ከሩቅ ይታያል። ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ጎተቱኝ።

«ማን ንገራት አለህ?»

«ማንም።»

«እስከ ጠዋት እንኳ መቻል አቃተህ? ወንድሜ ሦስት ቀን ችሎ! ልጁን ሲቀብር አልጮኸም፣ ትናንት አልጮኸም፣ ሰው ሁሉ ደነደነ ብሎ ሲያማው ዝም አለ። ለምን መሰለህ? ‹ካለቀስኩ ድምፄ ይሰልላል፣ እንቁ የደወለች እንደሆነ ታውቅብኛለች› ብሎ ነው!»

ወደ ድንኳኑ ዞርኩ። አጎቴ አዝመራው ከተቀመጡበት ተነስተዋል። ጋቢያቸውን ለብሰው ቀጥ ብለው ቆመው በሩን ያያሉ። ሰዉ ለእንቁ መንገድ ለቀቀላት። እሷም አልጮኸችም፤ ፊት ለፊታቸው ደርሳ ቆመች። አጎቴ ነጠላዋን አዩ። ቢሆንም አላመኑትም መሰለኝ፣ ጠየቋት።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ አባዬ።»

«ከማን ሰማሽ? ሁሉንም ሰማሽ?»

«ሁሉንም። በቃ አባዬ፣ አልቅስ።»

አጎቴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ጣሉና የልጃቸውን ስም ጠርተው ጮኹ። ጩኸቱ በአማርኛ ጀምሮ በአፍ መፍቻቸው በአዊኛ ቀጠለ፣ ድንኳኑም አብሯቸው ተነሳ። በማግስቱ ጠዋት አባ ኪዳኑ ሊያጽናኗቸው ሲመጡ አጎቴ ድምፅ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ነው ተቀመጡ ያሏቸው።